ትምህርት ነክ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከእንጅባራ እስከ ቢቸና ባሉ ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን ዘንድ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ቀርበዋል፤ የእንግሊዝኛ ፊደላትም በየስማቸው ተጠርተዋል።

«ኤጁኬሽን» ማለት «ትምህርት» ማለት አይደለምን?

ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በአማርኛ «ትምህርት» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ሥራ ይሠራል። «ዛሬ ትምህርት የለም» ስንል የዕለቱን መማርና ማስተማር፣ «የሚከብደኝ ትምህርት ሒሳብ ነው» ስንል የትምህርት ዓይነትን፣ «ምዕራፍ ሦስት፣ ትምህርት አንድ» ስንል የመጽሐፍ ክፍልን፣ «ትምህርት ሚኒስቴር» ስንል ደግሞ ጠቅላላውን ሥርዓት መጥራታችን ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ለየብቻ ይጠራቸዋል፦ የመጀመሪያው «ክላስ» ወይም «ስኩል»፣ ሁለተኛው «ሰብጀክት»፣ ሦስተኛው «ለሰን» ሲሆን «ኤጁኬሽን» የሚባለው አራተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ትምህርት የለም» ለማለት «ኤጁኬሽን የለም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በአገሩ የትምህርት ሥርዓት የጠፋ ያህል ይናገራል።

ቃሉ የመጣው ማሳደግ፣ ኮትኩቶ ማብቃት የሚል ፍቺ ካለው «ኤዱካሬ» ከሚባል የላቲን ግስ ነው። ከዚህም የተነሳ «ኤጁኬሽን» የረጅም ጊዜ ቀረጻን ሲያመለክት፣ «ትሬይኒንግ» ለአንድ ለተወሰነ ሥራ የሚሰጥን ሥልጠና ያመለክታል። መኪና ለመንዳት የሚያስፈልገው ትሬይኒንግ ነው፤ ሐኪም ለመሆን ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ቃሉ በ«ዲ» እየተጻፈ ለምን በ«ጅ» ይነበባል?

ከ«ዲ» ቀጥሎ ያለው «ዩ» የሚጀምረው በ«ይ» ድምፅ ስለሆነ፣ «ድ» እና «ይ» ሲገናኙ ምላስ ወደ ላንቃ ተስባ ድምፁ «ጅ» ይሆናል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ወንዱን «ሂድ»፣ ሴቷን «ሂጂ» የምንለው፣ ከ«ወለደ» «ወላጅ»፣ ከ«ወደደ» «ወዳጅ» የምናወጣው በዚሁ ጠባይ ነው። በእንግሊዝኛ «ግራጁዌት»፣ «ስኬጁል»፣ «ኢንዲቪጁዋል» የሚሉት ቃላት ሁሉ «ዲ» ይዘው በ«ጅ» ይነበባሉ። «ቲ»ም እንዲሁ «ች» ትሆናለች፤ «ሌክቸር» እና «ፊውቸር» ከ«ክፈት» እና «ክፈቺ» ጋር አንድ ዓይነት ለውጥ ያሳያሉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ይገባል። «ግራጁዌት» ግስ ሲሆን፣ ማለትም መመረቅን ሲገልጽ፣ መጨረሻው ጠንከርና ረዘም ብሎ «ዌይት» ተብሎ ይነበባል፤ ስም ሲሆን፣ ማለትም ተመራቂውን ሲጠራ፣ መጨረሻው ላልቶ «ወት» ይሆናል። በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያሳየው በመዝገበ ቃላቱ ከቃሉ አጠገብ የሚቀመጠው የድምፅ ምልክት ነው፤ ብዙዎች ግን ዘልለውት ወደ ፍቺው ይሄዳሉ።

በመዝገበ ቃላት «ኤጁኬሽን»ን ከበው የሚገኙት ቃላት ዘመዶቹ ናቸው?

ጥቂቶቹ ዘመዶች፣ የሚበዙት ግን በፊደል ብቻ የተጎራበቱ ናቸው። ገጹን ከላይ ወደ ታች ብንወርድ በቅድሚያ «ኤዲብል»ን፣ ማለትም የሚበላን ነገር እናገኛለን፤ ቀጥሎ ዐዋጅ የሆነውን «ኤዲክት»፣ ታላቅ ሕንፃ የሆነውን «ኤዲፊስ»፣ ከዚያ «ኤዲፋይ»ን፣ ከዚያም ማረም፣ እትም፣ አርታኢና ርዕሰ አንቀጽ የሚሉ ፍቺዎች ያሏቸውን «ኤዲት»፣ «ኤዲሽን»፣ «ኤዲተር» እና «ኤዲቶሪያል»ን እናልፋለን። ከእነዚህ አንዱም የ«ኤጁኬሽን» ዘመድ አይደለም። የ«ኤዲክት» ሥር መናገር፣ የ«ኤዲት» ሥር ማውጣት፣ የ«ኤዲብል» ሥር ደግሞ መብላት ነው።

«ኤዲፋይ» ግን ቆም ብሎ ማየትን ይጠይቃል። ሥሩ ከ«ኤዲፊስ» ጋር አንድ ነው፤ ሕንፃ መሥራት ማለት ነው። ዛሬ የሚያገለግለው ግን ሰውን በመልካም ትምህርትና ምክር ማጠንከርን ለመግለጽ ነው። ይህን ለእንግሊዛዊ ልጅ ማስረዳት ያስቸግር ይሆናል፤ ለጎጃም ልጅ ግን አያስቸግርም፤ ቤተ ክርስቲያን «ታነጸች» ይላል፣ ስብከቱንም «የሚያንጽ ትምህርት» ይለዋል። በሁለቱም ቋንቋዎች የግንበኛው ግስ ወደ መምህሩ ተሻግሯል። «ኤዲፋይ»ን «ማስተማር» ብሎ ከመያዝ «ማነጽ» ብሎ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው።

እውነተኞቹ ቤተሰቦች ከ«ኤዲቶሪያል» በኋላ ይጀምራሉ፦ «ኤጁኬት» ግሱ፣ «ኤጁኬትድ» የተማረው፣ «ኤጁኬሽን» ትምህርቱ፣ «ኤጁኬሽናል» ትምህርታዊ፣ «ኤጁኬተር» አስተማሪው። «ኤጁኬትድ» ለሰው፣ «ኤጁኬሽናል» ለነገር የሚሰጥ ቅጽል ነው፤ «ኤጁኬትድ» መጽሐፍ የለም፣ «ኤጁኬሽናል» ሰውም የለም። ከኋላቸው «ኤዲዩስ» የሚባል በንግግር ብዙ የማይሰማ ግስ ይከተላል፤ ከውስጥ ያለን ነገር ስቦ ማውጣት ማለት ነው፤ የአጎት ልጅ ያህል ይዛመዳቸዋል። ከዚያ ትንሽ ወረድ ሲባል እባብ መሳዩ ዓሣ «ኢል» ይመጣል፣ ዝምድናውም እዚያ ላይ ያበቃል።

በመዝገበ ቃላት ቃል ፈልጌ ማግኘት የሚያስቸግረኝ ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአፈላለግ ልማድ ነው። በአማርኛና በግዕዝ መዛግብተ ቃላት ቃል የሚፈለገው በሥሩ ነው፤ «ትምህርት»ን የሚፈልግ ሰው ወደ ግሱ ይሄዳል እንጂ «ት» ላይ አይቆምም። የእንግሊዝኛው ደግሞ የቃሉን ሥር ሳይሆን የፊደሉን ቅደም ተከተል ብቻ ይከተላል። «ቶት» የ«ቲች» ያለፈ ጊዜ ቢሆንም የሚገኘው በራሱ ፊደል ቦታ ነው፤ እዚያም «ቲችን ተመልከት» ይላል። ሁለተኛው ምክንያት በጆሮ መፈለግ ነው፦ «ኖውሌጅ» በ«ኬ»፣ «ሳይኮሎጂ» በ«ፒ»፣ «ስኩል» በ«ኤስ» እና በ«ሲ» እንደሚጀምሩ ያላወቀ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኛቸውም።

የትኛው መዝገበ ቃላት ይሻላል ለሚለው፣ ጀማሪ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታውን ቢይዝ ይበጀዋል። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ ግን ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጠው፣ ለቋንቋው ተማሪዎች የተዘጋጀ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ቢያክልበት ጥሩ ነው። የኪሱ መዝገበ ቃላት ፍቺውን በአንድ ቃል ዘግቶ ያልፋል፤ ሁለተኛው ግን ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚውል ያሳያል፤ ከዚህ በታች ካሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚፈቱትም በዚያው ነው።

«ቲች»፣ «ለርን»፣ «ስተዲ» እና «ሪድ» በምን ይለያያሉ?

«ቲች» ማስተማር፣ «ለርን» መማር ነው። አማርኛ «ተማረ»ንና «አስተማረ»ን ከአንድ ሥር ስለሚያወጣ፣ አንዳንድ ተማሪ መምህሩ «ለርን አደረገኝ» ብሎ ይጽፋል፤ በመደበኛ እንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት ፈጽሞ አይተካኩም።

የሚከብደው በ«ለርን» እና በ«ስተዲ» መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ለርን» ዕውቀቱ በእርግጥ መግባቱን ይናገራል፤ «ስተዲ» ግን ልፋቱን ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ «ስተዲ» አድርጎ ምንም «ለርን» አለማድረግ ይቻላል፤ ይህ የማንም ተማሪ ገጠመኝ ነው። «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ» ለማለት የሚፈለገው ግስ «ስተዲ» ነው። እኛ ዘንድ ግን «ለርን» እጅግ ስለተለመደ ከተመራቂዎች ማመልከቻ ላይ እንኳ አይጠፋም።

«ሪድ» ማንበብ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ሪድ ላደርግ ነው» ሲል ግን ላጠና ነው ማለቱ ነው፤ ይህ የእኛ ሠፈር አነጋገር ነው። በብሪታንያ አሮጌና ከፍ ያለ አነጋገር «ሪድ» በዩኒቨርሲቲ አንድን የትምህርት ዘርፍ መማር ማለት ሆኖ ያገለግላል፤ ሕግ «ሪድ» ያደረገ ሰው ሕግ የተማረ ነው። ለነገ ፈተና ማጥናት ግን በየትም አገር «ስተዲ» ነው፤ በብሪታንያ በተለይ የተማሩትን መከለስ «ሪቫይዝ» ይባላል።

ፈተናን በተመለከተ የትኛውን ግስ ልጠቀም?

ተፈታኙ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ፈተና «ቴክ»፣ በብሪታንያ «ሲት» ያደርጋል፤ «ለፈተና ተቀመጠ» የሚለው የእኛ አነጋገር ከሁለተኛው ጋር ይገጥማል። አውጪው «ሴት»፣ አራሚው «ማርክ» ወይም «ግሬድ» ያደርጋል። ያለፈው «ፓስ»፣ የወደቀው «ፌይል» ነው።

«ስቱደንት» እና «ፒዩፒል» አንድ ናቸው?

ሁለቱም ተማሪ ናቸው፤ «ፒዩፒል» ግን በተለይ ለትንንሽ ልጆች ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ፒዩፒል» አይባልም። በአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ሳይቀሩ «ስቱደንት» ስለሚባሉ «ፒዩፒል» እየራቀ የመጣ ቃል ነው። ይኸው «ፒዩፒል» የዓይን ብሌን ማለትም ነው። ሁለቱ ፍቺዎች በላቲን ሕፃን ልጅን ወይም አሻንጉሊትን ከሚጠራ ሥር የወጡ ናቸው፤ ወደ ሌላ ሰው ዓይን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው በብሌኑ ውስጥ የራሱን ትንሽ ምስል ያያልና።

ሙያ የሚለምደው «አፕሬንቲስ»፣ ሠልጣኙ «ትሬይኒ»፣ ሊቁ «ስኮላር» ነው። ደቀ መዝሙር ለሃይማኖታዊ መምህር ሲሆን «ዲሳይፕል» ይባላል። የቀድሞ ተማሪ ወንድ ሲሆን «አለምነስ»፣ ሴት ስትሆን «አለምና»፣ ብዙ ሲሆኑ «አለምናይ» ነው፤ «እኔ የዚህ ትምህርት ቤት አለምናይ ነኝ» የሚል ሰው ራሱን በብዙ ቁጥር ይጠራል።

«ሆምወርክስ» ማለት ለምን ስሕተት ይሆናል?

በአማርኛ «ሦስት የቤት ሥራዎች አሉብኝ» ማለት ትክክል ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛም መጨረሻው ላይ «ኤስ» መጨመር ተገቢ ይመስላል። እንግሊዝኛ ግን የተወሰኑ ስሞችን እንደ ዱቄትና እንደ ውኃ የማይቆጠሩ አድርጎ ይይዛል፤ «ሆምወርክ»፣ «ኖውሌጅ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ» እና «ሪሰርች» ከእነዚህ ናቸው። መቁጠር የግድ ሲሆን የሚቆጠር ስም ይጠራል፦ ሦስት «አሳይንመንት»፣ ሁለት «ፒስ ኦፍ አድቫይስ»። «ሪሰርች»ን በብዙ ቁጥር ጽፎ የሚያገኝ አንባቢ በቆዩ መጻሕፍት ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ «ስተዲስ» ማለት ይሻላል።

ጥሩ መዝገበ ቃላት ይህን ያመለክታል። ከስሙ አጠገብ «ሲ» ፊደል ካለች ስሙ ይቆጠራል፣ «ዩ» ካለች አይቆጠርም። «ኤጁኬሽን» ሁለቱንም ይዞ ይገኛል፤ አይቆጠርም፣ ነገር ግን አንድ ሰው ስላገኘው ትምህርት ሲነገር «አን ኤጁኬሽን» ይባላል። «ኤጁኬሽንስ» ግን አይሞከርም።

«ስኩል» ከሚለው ቃል በፊት «ዘ» መቼ ይገባል?

ቦታው ለታለመለት ዓላማ ሲሆን «ዘ» አይገባም፤ ሕንፃው ብቻ ሲጠቀስ ይገባል። ልጅ ለመማር ሲሄድ «ጎ ቱ ስኩል» ነው፤ አባቱ የልጁን ካርድ ሊቀበል ሲሄድ «ጎ ቱ ዘ ስኩል» ይሆናል። ለ«ቸርች»ም ያው ነው፤ ቅዳሴ ለማስቀደስ የሄደ ያለ «ዘ»፣ ጣሪያውን ለመጠገን የሄደ በ«ዘ» ይነገራል። «ግራጁዌት» የሚለው ግስ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ስም በፊት «ፍሮም» ይፈልጋል፤ አማርኛችንም «ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ» ስለሚል በዚህ ላይ መሳሳት አይገባም ነበር፤ ብዙዎች ግን ይዘሉታል።

ርዕሰ መምህር «ዳይሬክተር» ነው ወይስ «ፕሪንሲፓል»?

እኛ አገር ርዕሰ መምህሩ «ዳይሬክተር» መባሉ የቆየ ልማድ ነው፤ ለውጭ አንባቢ ሲጻፍ ግን ቃሉ ያሳስታል። በአሜሪካ የትምህርት ቤት ኃላፊ «ፕሪንሲፓል»፣ በብሪታንያ በአመዛኙ «ሄድቲቸር» ነው፤ ምክትሉ «ቫይስ ፕሪንሲፓል» ወይም «ዴፒዩቲ ሄድ» ይባላል። «ፕሪንሲፓል» በ«ፒ፣ ኤ፣ ኤል» ሲያልቅ ኃላፊው ነው፤ በ«ፒ፣ ኤል፣ ኢ» ሲያልቅ መርሕ ማለት ነው። ሁለቱ በድምፅ አንድ ስለሆኑ የእንግሊዝኛ ባለቤቶችም ያምታቷቸዋል።

በዚሁ መንገድ፣ መምህርን «ቲቸር!» ብሎ መጥራት እኛ ዘንድ የአክብሮት ነው፤ «መምህር!» ወይም በቄስ ትምህርት ቤት «የኔታ!» እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን «ቲቸር» የሙያው ስም እንጂ ከትንንሽ ልጆች በስተቀር መጥሪያ አይደለም። በብሪታንያ ትምህርት ቤቶች «ሰር» ወይም «ሚስ»፣ በአሜሪካ «ሚስተር» ወይም «ሚስ» ከቤተሰብ ስም ጋር ይባላል። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ስለሆነ፣ «ሚስተር» ብሎ የአባቱን ስም ማስከተል አባቱን መጥራት ይሆናል፤ የራሱን ስም ማስከተል ትክክል ነው። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ግን በቅጻቸው የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚመዘግቡ፣ ደብዳቤ በአባት ስም ቢመጣ አያስደንግጥ።

«ግሬድ» ክፍል ነው ወይስ ውጤት? «ማትሪክ»ስ ውጭ አገር ይታወቃል?

«ግሬድ» ሁለቱንም ነው። «ግሬድ ናይን» ዘጠነኛ ክፍል፣ «ኤ ግሬድ» ደግሞ ውጤት ነው። በእንግሊዝ ክፍል «ዪር» ስለሚባል፣ ወደዚያ የሚጽፍ ሰው «ግሬድ ትዌልቭ» የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻው ዓመት መሆኑን በአጭሩ ቢያብራራ ይመከራል።

«ማትሪክ» የ«ማትሪኩሌሽን» ቁራጭ ነው። «ማትሪኩሌሽን» በዛሬው የብሪታንያና የአሜሪካ እንግሊዝኛ በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ ተማሪ ሆኖ መስፈር ማለት ነው፤ እኛ ግን ወደዚያ የሚያስገባውን ፈተና ስም አደረግነው። ፈተናው ስሙንና መልኩን ደጋግሞ ሲለውጥ፣ ተፈታኞቹ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው መፈተን ሲጀምሩ እንኳ፣ የደብረ ማርቆስ እናት «ልጄ ማትሪክ ተፈተነ» ማለቷን አልተወችም። ደቡብ አፍሪካዊ ይህን ቃል ወዲያው ይረዳዋል፣ እነርሱም የመጨረሻውን ክፍል «ማትሪክ» ይሉታልና፤ አሜሪካዊ ግን አይረዳውም። በማመልከቻ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መሆኑን በሙሉ ስሙ መጻፍ ይገባል።

«ካምፓስ»፣ «ኮሌጅ»፣ «ፋኩልቲ» እና «ዩኒቨርሲቲ» እንዴት ይለያያሉ?

«ካምፓስ» ግቢው ነው፤ የላቲን ፍቺው ሜዳ ነው። እኛ «ካምፓስ ገባ» ስንል ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ይህ አባባል አንድ ሰው በበሩ አልፎ ወደ ግቢው መግባቱን ብቻ ይናገራል፤ ጥበቃውም ሻይ ሻጯም ካምፓስ ይገባሉ። «ዩኒቨርሲቲ» ተቋሙ ሲሆን፣ «ኮሌጅ» በውስጡ ያለ ክፍል ወይም ራሱን የቻለ አነስተኛ ተቋም ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚማረውንም «ኮሌጅ ነው» ይላል። «ፋኩልቲ» በብሪታንያና በእኛ አገር የትምህርት ዘርፎች የሚሰባሰቡበት ክፍል ነው፤ በአሜሪካ በአመዛኙ መምህራኑን በአንድነት ይጠራል። «ፋኩልቲው ተሰበሰበ» የሚል አሜሪካዊ፣ ሕንፃው ሳይሆን መምህራኑ መሰብሰባቸውን ነው የሚናገረው።

የባሕር ዳር ሰው ከእነዚህ ቃላት የከበዱትን ሳያውቀው በየቀኑ ይጠራቸዋል። የባጃጅ ሾፌር «ፔዳ! ፔዳ!» ብሎ ሲጣራ፣ ቃሉ የ«ፔዳጎጂ» ቁራጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ የፔዳጎጂ አካዳሚ ይባል ነበርና። «ፖሊ»ም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1963 ከተቋቋመው ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የቀረ ስም ነው። ሁለቱ ተዋሕደው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ተቋማቱ ስማቸውን ቢለውጡም ግቢዎቹ አልለወጡም። «ፔዳጎጂ» የማስተማር ጥበብ ማለት ነው። ሥሩ ግሪክ ሲሆን፣ በጥንቱ ዘመን የጌታውን ልጅ እየመራ ወደ ትምህርት ቤት ያደርስ የነበረውን አገልጋይ ይጠራ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ተማሪውን ፔዳ በር ላይ የሚያወርደው ባለ ባጃጅ፣ ከመምህሩ ይልቅ ለቃሉ የመጀመሪያ ፍቺ ይቀርባል።

«ፐብሊክ ስኩል» የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው?

በአሜሪካ አዎን። በእንግሊዝ ግን ቃሉ በከፍተኛ ክፍያ የሚያስተምሩ የቆዩ የግል ትምህርት ቤቶችን ይጠራል፤ የመንግሥቱ «ስቴት ስኩል» ይባላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ ሰው ለእንግሊዛዊ ሲጽፍ «ጋቨርመንት ስኩል» ቢል ከዚህ ግራ መጋባት ይድናል።

ዲፕሎማ፣ «ሁለተኛ ዲግሪ» እና «ሦስተኛ ዲግሪ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋሉ?

እኛ አገር «ዲፕሎማ» ከዲግሪ በታች ያለ ደረጃ ነው። በአሜሪካ ግን «ዲፕሎማ» ደረጃ ሳይሆን ወረቀቱ ራሱ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም፣ ዶክተርም ሲመረቅ ዲፕሎማ ይቀበላል፤ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ «ዲፕሎማ አለኝ» የሚል ሰው ሃይስኩል ጨርሷል ተብሎ ሊገመት ይችላል። ስለዚህ የሥልጠናውን ዓመታትና ዘርፉን አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የዲግሪ ቁጥር ነው። «የመጀመሪያ ዲግሪ» ቢተረጎም ብዙ ጉዳት የለውም፤ «ፈርስት ዲግሪ» በእንግሊዝኛም ለ«ባችለር» ይነገራል። «ሴከንድ ዲግሪ» ሲባል ግን አንባቢው ማስተርስ መሆኑን በእርግጠኝነት አያውቅም፤ በሌላ ዘርፍ የተገኘ ሁለተኛ ባችለርም ሊመስለው ይችላል። «ሰርድ ዲግሪ» ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ አንድን ሰው «ሰርድ ዲግሪ» መስጠት ማለት አፋጥጦ፣ አስጨንቆ መመርመር ማለት ነው፤ ከእሳት ጋር ሲነሳም ቆዳን ዘልቆ ያበላሸ ቃጠሎ ነው። በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በጥድፊያ የሚተየብ የሥራ ማመልከቻ ላይ «ሰርድ ዲግሪ በትምህርት አመራር» የሚል መስመር ሲሰፍር፣ ባለቤቱ ለዓመታት የደከመበትን ማዕረግ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ይልከዋል። ትክክለኛው «ዶክተር ኦፍ ፊሎሶፊ» ወይም በአጭሩ «ፒኤችዲ» ነው። «ማስተርስ ዲግሪ» ሲጻፍም ከ«ኤስ» በፊት ያለችው ነጠላ ጭረት አትረሳ።

የማመልከቻው ነገር ከተነሳ፣ ዓመቱንም ማስተካከል ያስፈልጋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ባለው ጊዜ በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይጨመራል፤ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ተመረቀ ማለት ነው። «የ2016 የትምህርት ዘመን» ደግሞ ሁለት ዓመት ስለሚረግጥ 2023/24 ተብሎ ይጻፋል።

የአብነት ትምህርቴን በእንግሊዝኛ እንዴት ልግለጸው?

ይህ ጥያቄ በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ወይም በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች ተምረው ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገቡ ሰዎች የሚያነሱት ነው፤ መልሱም የከበደው የቅኔ ቤት ቃላት የራሳቸው ዓለም ስላላቸው ነው። «ቅኔ ዘረፈ» ቃል በቃል ቢተረጎም ሌብነት ይሆናል፤ «ቅኔ ቆጠረ» ቢባል የሒሳብ ሥራ ይመስላል። ሁለተኛውን «ኮምፖዝ»፣ የመጀመሪያውን ደግሞ በቦታውና በሰዓቱ አፍልቆ መናገር ስለሆነ «ኢምፕሮቫይዝ» ማለት ይቻላል። «የቆሎ ተማሪ»ም እንዲሁ ነው፤ ቆሎውን ከመተርጎም፣ ከቤቱ ርቆ ለምኖ እየበላ የሚማር የቤተ ክርስቲያን ተማሪ መሆኑን በአንድ ሐረግ መግለጽ ይሻላል።

የትምህርት ቤቶቹ ስም ላይ ያለው «ቤት» «ሃውስ» ተብሎ ባይተረጎም ይመረጣል፤ «ስኩል» ይባላል። ንባብ ቤት የንባብ፣ ዜማ ቤት የዜማ፣ መጻሕፍት ቤት የትርጓሜ ትምህርት የሚሰጥባቸው ናቸው ብሎ ማስረዳት አያስቸግርም። «ቅኔ» ግን እንዳለ ተጽፎ በግዕዝ የሚደረስ፣ ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም መሆኑ ቢብራራ ይበቃል፤ «ፖኤትሪ» ብቻ ብሎ ማለፍ፣ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ መወድስ የሚደርሰውን፣ ሰዋስዉንና ግሱን አብሮ የሚያስይዘውን ትምህርት የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ያስመስለዋል። «የኔታ»ና «መሪጌታ»ም ማዕረግ ስለሆኑ አይተረጎሙም፤ ከስም በፊት እንዳሉ ይጻፋሉ።

በማመልከቻ ላይ ይህ ትምህርት የሚቀመጠው ከሌሎቹ ጋር በ«ኤጁኬሽን» ርዕስ ሥር ነው እንጂ በ«ሆቢ» ሥር አይደለም። የጉባኤ ቤቱ ስምና ቦታ፣ የተማሩት የትምህርት ዓይነት፣ የቆዩባቸው ዓመታትና ያስተማሩት መምህር ስም ይጻፋሉ። የምስክር ወረቀት ካለ ይያያዛል፤ ከሌለም መምህሩ ወይም ደብሩ የሚሰጡት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከነትርጉሙ ሊቀርብ ይችላል፤ ተቀባዩ ተቋም ለትርጉሙ የሚጠይቀው የራሱ መስፈርት ሊኖረው ስለሚችል ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።